ሰናህ! የዒድ ልብሳችን ታሪክ፦ ከሐበሻዋ ሙሃጂር ልጅ እስከ አዲስ አበባ ስታዲየም



የረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች ሲገቡ ከተማችን ሁለት መልክ ይኖራታል። በአንድ በኩል መስጂዶች በተራዊሕና በተሀጁድ ይሞላሉ። በሌላ በኩል ገበያው እስከ እኩለ ሌሊት አይተኛም። እኛ ባለንበት ጎፋም ያው ነው። ልብስ ሰፊው ጋ ወረፋ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወረፋ፣ ሂና የምትቀባዋ እህት ጋ ወረፋ። ደስ ይላል። የዒድ ሽታ ነው።

ነገር ግን በየዓመቱ ሁለት ዓይነት ወጣት እናያለን። አንዱ ለልብስና ለጫማ ሲሯሯጥ አድሮ በዒድ ሶላት ላይ ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ሌላው ደግሞ «ምን ለብሼ እወጣለሁ? ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ ለብሰው» ብሎ ከነጭራሹ ቤቱ ይቀራል። የመጀመሪያው ያሳዝነናል። ሁለተኛው ግን ያስጨንቀናል። ሰውን ወደ ሰው ለማውጣት የተሠራ ልብስ ሰውን ቤት ማስቀረት ከጀመረ፣ አንድ የተዛባ ነገር አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ታሪክ ይዘን መጥተናል። የዒድ ልብስ ለምን ተለበሰ? በኛ አገርስ ምን መንገድ አልፎ እዚህ ደረሰ?

የተሰደደች ልጅና አንድ ልብስ

ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ (ረ.ዐ) ቀድመው ከሰለሙት ሶሓቦች አንዱ ነው። የቁረይሾች ግፍ ሲበረታ ከባለቤቱ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደደ። እዚሁ በሐበሻ ምድር ሴት ልጅ ወለዱ። በታሪክ ኡሙ ኻሊድ እየተባለች የምትታወቀው እሷ ናት። ዓይኗን የገለጠችው እዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሰማችው የጎረቤት ቋንቋም የኛው አገር ቋንቋ ነው። ቤተሰቡ ከጃዕፈር (ረ.ዐ) ጋር ወደ መዲና የገባው በኸይበር ዘመቻ ሰሞን፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነበር።

ኢማም ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልብሶች መጡላቸው። ከመካከላቸው ጥቁር ሆኖ ባለ ጥለት የሆነ ትንሽ ልብስ ነበረበት። ይህንን ለማን ብናለብሰው ይሻላል ብለው ሰዎቹን ጠየቁ። ሰዉ ዝም አለ። እሳቸውም ኡሙ ኻሊድን አስጠሩ። ሕፃን ስለነበረች ተሸክመው አመጧት። በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ለብሳው እስኪያልቅ ዕድሜ እንዲሰጣት ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ወደ ጥለቱ እያመለከቱ በዐረብኛ ሳይሆን ተወልዳ ባደገችበት አገር ቋንቋ አንድ ቃል ተናገሩ፤ «ሰናህ!» ያማረ ነው ማለት ነው። ግዕዝ የሰማ ሰው «ሠናይ» የሚለውን ቃል እዚህ ውስጥ ወዲያው ያገኘዋል።

ወንድማችን፣ እህታችን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በመዲና ስንት የትልቅ ሰው ልጅ ነበረ። የተመረጠችው ግን ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ለከተማው እንግዳ የሆነች ልጅ ናት። ልብሱ «አንቺም ከኛው ነሽ» የሚል መልእክት ነበረው። ቃሉም የተመረጠው እንግድነቷን የሚያስረሳ ሆኖ ነው። ከዚህ የበለጠ ስለ ልብስ ምን ሊባል ይችላል? ዱዓውንም ልብ እንበለው። «ለብሰሽ ጨርሺው» የሚል መንፈስ ያለው ዱዓ ነው። ለአንድ ቀን ፎቶ ተለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ለሚቀበር ልብስ የሚደረግ ዱዓ አይደለም።

የነጃሺ ስጦታና የመዲና ዒድ

የኛ አገር ስም በዚያ ዘመን ከአለባበስ ጋር የተነሳው በዚህ ብቻ አይደለም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ንጉሥ ነጃሺ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ጥቁር፣ ጌጥ የሌላቸው የቆዳ ኹፎች ልከውላቸዋል። ረሱልም ተጫምተዋቸዋል፤ ውዱእ ሲያደርጉም በላያቸው ላይ አብሰዋል። ከሐበሻ የተላከ የቆዳ ሥራ በረሱል እግር ላይ ውሏል ማለት ነው። ጌጥ የለውም፤ ግን ንጹሕና ጠንካራ ነው። እነሆ አንድ የአለባበስ መለኪያ።

የዒድ ቀን ደስታም ላይ ሐበሾች አሉበት። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው በአንድ የዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከረሱል ትከሻ ኋላ ሆና፣ ራሷ እስኪበቃት ድረስ ተመልክታለች። ረሱልም ጨዋታውን አላስቆሙም፤ እንዲያውም አበረታቷቸው። ዒድ ፊት የሚጨማደድበት ቀን እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የዑመር ካባና የኡሙ ዐጢያ ጥያቄ

ዑመር (ረ.ዐ) ገበያ ላይ የሐር ካባ ሲሸጥ አየ። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወስዶ ለዒድና የልዑካን እንግዳ ሲመጣ እንዲዋቡበት እንዲገዙት ጠየቃቸው። እሳቸው ልብሱ ሐር ስለሆነ አልተቀበሉትም፤ ሐር ለወንድ አይፈቀድምና። ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ አንድ ነገር ያስተውላሉ። ረሱል የተቃወሙት ሐሩን እንጂ ለዒድ መዋብን አይደለም። ለዒድ መዋብ በሶሓቦች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነበር።

የዑመር ልጅ ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ወደ ዒድ ሶላት ሳይወጣ በፊት ገላውን ይታጠብ እንደነበር በሙወጠእ ተዘግቧል። በበይሀቂ ዘገባ ደግሞ በዒድ ቀን ካሉት ልብሶች ያማረውን ይለብስ ነበር። ቃሉን እንያዘው፦ ካሉት ልብሶች ያማረውን። «አዲስ የገዛውን» አይደለም። አዲስ መግዛት የቻለ ይግዛ፣ ሐላል ነው፣ አላህ ይባርክለት። ሱናው ግን የተንጠለጠለው በንጽሕናና ባለው በማማር ላይ ነው። ሱናው በዱቤ ልብስ መግዛትን አይጠይቅም፤ ያላንተ አቅም የተሠራ ካልሲም ቢሆን እንቅልፍ ይነሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶች ሁሉ ወደ ዒድ እንዲወጡ አዘዙ። ልጃገረዶችም፣ በወር አበባ ላይ ያሉትም ጭምር፤ በወር አበባ ላይ ያሉት ከሶላቱ ቦታ ፈንጠር ብለው ኸይሩንና ዱዓውን ይካፈላሉ። ያኔ አንድ ጥያቄ ተነሳ። ጅልባብ የሌላት ሴትስ? መልሳቸው «እንግዲያው ትቅር» የሚል አልነበረም። እህቷ ከራሷ ጅልባብ ታልብሳት ነው ያሉት። ሐዲሱን ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል።

ይኼ አንድ ፍርድ የ«ምን ለብሼ እወጣለሁ» ጥያቄን ከሥሩ ይነቅለዋል። ልብስ ያጣ ሰው ጉዳይ የሱ የብቻ ሐፍረት አይደለም። ልብስ ያለው ጎረቤቱ ኃላፊነት ነው።

በኛ አገር፦ ለሌላው ሸማ የሠራ እጅ

ከመዲና ወደ አገራችን እንመለስ። ወጣቶቻችን «የሙስሊም ልብስ» ሲባል ከውጭ የሚመጣውን ጀለቢያና አባያ ብቻ ያስባሉ። ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው።

ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ጊዜ የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት መሬት አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ይነግዳል፣ ይሸምናል። የጎንደር ሙስሊሞች በንግድና በሽመና የታወቁት በዚህ ምክንያት ነው። በወሎም በአርጎባም ሽመና የሙስሊሙ የታወቀ ሙያ ሆነ። በጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ሸማኔዎች ጋር በመሆን አገሩ በበዓሉ የሚያጣፋውን ነጭ ሸማ ያመርቱ የነበሩት እነዚህ እጆች ናቸው።

አስቡት። መሬት የተከለከለ ሰው ለከለከለው ሰው የበዓል ልብስ ይሠራል። ስለዚህ ኩታ የለበሰ ወይም የወሎን ነጭ ሽርጥ የታጠቀ ወጣት ስናይ «ይኼ የኛ አይደለም» የሚል ካለ ታሪኩን አላወቀም። አባቶቻችን በላባቸው የሠሩት ነው።

ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ሐረር አለች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ ነበር። ሰውየው ስለ ከተማዋ ብዙ ክፉ ነገር የጻፈ፣ ለማድነቅ የማይቸኩል ሰው ነው። የሐረርን በእጅ የተሸመነ ልብስ ግን በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ምርት እንደሚበልጥ መስክሯል። እንግዲህ አውሮፓዊው ራሱ የኛን ልብስ ያስቀደመበት ዘመን ነበር። ዛሬ እኛ የምናስቀድመው የትኛውን ነው?

ሽቶውም እንዲሁ። የጥርኝ ዝባድ ለዓለም ሽቶ ገበያ ሲቀርብ የኖረው ከአገራችን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ አካባቢ፣ ከእናርያ፣ በቀንድ እየተሞላ ወደ ምጽዋ ያጓጓዙት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። እናቶቻችን ደግሞ ሂና ከሱቅ ከመምጣቱ በፊት የእንሶስላ ሥር ቀጥቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉ ነበር። ሂናውም እንሶስላውም ለበዓል የሚገባ ጌጥ ነው። እህቶቻችን ሽቶውን ለቤታቸው፣ ለቤተሰባቸው ያቆዩት፤ ወደ ሶላት ሲወጡ ንጽሕናው ይበቃል።

ዒድ የአደባባይ ቀን የሆነው መቼ ነው?

አሁን በዒድ ጠዋት ከጎፋ ማዞሪያ ተነስተን በቄራ አድርገን ወደ ስታዲየም ስንሄድ መንገዱ በነጭ ልብስ ይሞላል። ሱቅ ተዘግቷል፣ መሥሪያ ቤት ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤት የለም። ብዙ ወጣት ይኼ ድሮም የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም።

እስከ አብዮቱ ድረስ የኛ በዓላት በመንግሥት የበዓላት ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ለመሥሪያ ቤቱና ለትምህርት ቤቱ ዒድ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነበር። ሙስሊሙ ራሱ የሚጠራው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ ነበር፤ እንግዳ ይመስል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እንደወጣ ይነገራል። ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጥተዋል፤ ይኼንን መርሳት ነውር ነው። ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች መካከል በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ፣ የመሬት ባለቤትነት መብት ይኑረን፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚሉት ይገኙበታል። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐ (አረፋ) እና መውሊድ የመላው አገር በዓል ሆኑ።

እንግዲህ በዒድ ጠዋት ለብሶ አደባባይ መውጣት በኛ አገር ተራ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የወጡት አዲስ ጫማ ስለነበራቸው አልነበረም። ያላቸውን ለብሰው ወጡ፤ ተቆጠሩ። ዛሬ አንድ ወጣት በልብስ ምክንያት ቤቱ ሲቀር አንድ ሰው ከዚያ ሰልፍ እንደጎደለ ቁጠሩት።

ገላችሁም ሐቅ አለው

ስለ ልብስ ይህን ካልን፣ በልብሱ ውስጥ ስላለው ገላም እንናገር። ሰልማን (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡ ደርዳእን ሊዘይር ሄደ። ገና ሲገባ ያየው የአቡ ደርዳእን ባለቤት ነው፤ የለበሰችው ልብስ የተጎሳቆለ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ሲላት ባለቤቷ በዱንያ ጉዳይ እንደማያገባው ነገረችው። ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ይቆማል። ሰልማን ያን ቀን እንዲበላ አደረገው። ማታም ሊሰግድ ሲነሳ አስተኛው፤ ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው የሚል ምክር ሰጠው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩ ሲደርሳቸው ሰልማን እውነቱን ነው አሉ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ታሪኩ በልብስ ይጀምርና በእንቅልፍ ያልቃል። ሰልማን የሰውየውን ድካም ያወቀው ከቤቱ ሁኔታ ነው። በበዓል ሰሞን በኛ ቤቶች ማን ነው የሚደክመው? አብዛኛውን ጊዜ እናትና እህት ናቸው። ከሱሑር እስከ ኢፍጣር፣ ከኢፍጣር እስከ ዒድ ዋዜማ ሌሊት ድረስ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ዶሮ ሲገነጥሉ፣ ቤት ሲያሰናዱ ያነጋሉ። ወንዱ ጀለቢያውን አስተኩሶ፣ ሽቶውን ነፍቶ ሲወጣ እነሱ ገና ገላቸውን አልታጠቡም። ኡሙ ዐጢያ ያስተላለፈችው ትእዛዝ እነሱን ጭምር ወደ ሙሶላ የሚያስወጣ ነበር። በወጥ ቤት ምክንያት የሚቀሩ ከሆነ ግን ሱናውን ያስቀረነው እኛ ወንዶች ነን።

በዚህ ዓመት ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ገበያውን ከመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች በፊት እንጨርስ። ለይለቱል ቀድር የምትፈለገው በእነዚያ ሌሊቶች ነው፤ ጫማ በሌላ ቀንም ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ቁም ሣጥናችንን እንክፈት። ካለን ውስጥ ያማረውን አውጥተን እንጠበው፣ እንተኩሰው፣ የተነቀለ ቁልፍ እንትከል። የተተኮሰ አሮጌ ልብስ ከተጨማደደ አዲስ ልብስ ይበልጣል።

ሦስተኛ፦ ገላችንን እንታጠብ፣ ጥፍራችንን እንቁረጥ፣ ፀጉራችንን እናስተካክል፣ ጥርሳችንን እንፋቅ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰው አይተው ፀጉሩን የሚያስተካክልበት ነገር አያገኝምን ብለው ወቅሰዋል። የፀጉር አስተካካዩ ወረፋ ሌሊቱን እንዳይበላብን ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት እንሂድ።

አራተኛ፦ በዋዜማው ተክቢራችንን ብለን ጥቂት እንተኛ። ጠዋት ለፈጥር ሳንወጣ በፊት ተምር ጎዶሎ ቁጥር አድርገን እንቅመስ፤ ሱናው እንዲህ ነው። ለአንድ ወር ያረፈ ሆድ ላይ ቅባትና ጣፋጭ በአንዴ አንጫንበት፤ ውኃ እናብዛ።

አምስተኛ፦ የወጥ ቤቱን ሥራ እንከፋፈል። ወንድሞች ሆይ፣ ሽንኩርት መላጥ ወንድነትን አይቀንስም። እናታችሁ ከናንተ ጋር ለሶላት ትውጣ።

ስድስተኛ፦ ዋናውም ይኼ ነው። በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ፣ በግቢው፣ በክፍላችሁ «ዘንድሮ አልወጣም» ያለ ወይም የዒድ ነገር ሲነሳ ዝም የሚል ጓደኛ አለ። ምክንያቱን አትጠይቁት። አንድ ያማረ ልብስ አጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ በከረጢት አድርጋችሁ ማንም ሳያይ ስጡት። «አውሰኝ» እስኪላችሁ አትጠብቁ። ከዚያ ጠዋት ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጥሩትና አብራችሁ ውጡ። ፎቶ አንስታችሁ ግን እንዳትለጥፉት፤ ስጦታው ሐፍረት ይሆንበታል። ዘካተል ፊጥርንም ከሶላት በፊት እናድርስ፤ የችግረኛው ቤትም በዚያ ጠዋት እንዲጠግብ ነውና።

ሰባተኛ፦ በአንድ መንገድ ሄደን በሌላ እንመለስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን መንገድ ይለዋውጡ ነበር። ሲሄዱ ያልተገናኙትን ዘመድና ጎረቤት በመመለሻው እንሰላመት፤ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ጎረቤት ደስታችንን ይካፈል።

ያቺ ሕፃን ኡሙ ኻሊድ አድጋ ታሪኩን ራሷ ነው የተናገረችው። ከአንድ ልብስና ከአንድ ቃል የተገኘው ደስታ ዕድሜ ልኳን አብሯት ኖረ፤ እስከኛም ደረሰ። እኛም በዚህ ዒድ ከሰፈራችን አንድ ሰው እናልብስና «ሰናህ!» እንበለው።

አላህ ጾማችንን፣ ሶላታችንን፣ ሶደቃችንን ይቀበለን። ከሚለብሱትም፣ ከሚያለብሱትም ያድርገን። ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም።

ዒድ ሙባረክ! ወላሁ አዕለም።